ማህጁብ አልፏል

አሶሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስርጉት፤

ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም። የገዛ እጄ ነው። ካላመንሽ ደግመሽ እይው። ድሮ ጸሐፊው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ «ደኅና ነኝ በልልኝ» ስለው፣ እሱ የራሱን ቀባብቶ «እጅግ በጣም ደኅና ነን፣ ናፍቆትሽ ግን አቃጠለን» ይልሽ የነበረው ቀርቷል። እንግዲህ ካቃጠለኝ ራሴ እነግርሻለሁ። ለጊዜው ምንም አላቃጠለኝም።

የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከሃያ ስድስት ተማሪ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን አቶ ገበየሁ «አንለይ፣ እጅህ እንደ አፍህ ቢፈጥን የት በደረስክ» ብሎ በሰው ፊት አመስግኖኛል። ክልላችን አዲስ ስለሆነ ቢሮው ሁሉ አዲስ ታፔላ ሰቅሏል፤ እኔም ከአንዱ ወደ ሌላው እያነበብኩ ስዞር ጫማዬ አለቀ። ባለፈው አንዱ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነብ ዘበኛው «ምን ፈለግህ?» አለኝ። «ምንም፤ የት እንደምትሠራ ልነግርህ ብዬ ነው» አልኩት።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ኢንተርኔት ገብቶኛል፤ ሁለተኛ አታስረጂኝ። ገበያ ነው፤ ግን ገዢና ሻጭ አይተያዩም፣ የሚታየው ዕቃው ብቻ ነው፣ እሱም በፎቶ። ፊቴን ሳያዩ የሚገዙኝ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ገበያ ከየት ይመጣል? መሥሪያ ቤታችሁ የትንንሽ ነጋዴዎችን ዕቃ በዚህ ገበያ ለውጭ አገር ሰው የሚሸጥ ከሆነ የአሶሳው ሰዋችሁ ተገኝቷል ማለት ነው።

ዕቃውም ተገኝቷል። በሆሞሻ መንገድ ዓዲላ የምትባል የበርታ ሴት አለች። ቀርከሃ ሰንጥቃ ቅርጫት ትሠራለች። ከወሎ አምጥተው እዚህ ካሰፈሩን ጀምሮ ስንት ቅርጫት ሸጥኩ መሰለሽ፤ የሷን የሚያህል ግን አላየሁም። ውኃ ብትጨምሪበት ላፍስስ አላፍስስ ብሎ ያስባል። ልነግራት ሄድኩ።

«ዓዲላ፣ ቅርጫትሽ ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

«ጠይብ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። «ማህጁብ ትመጣለች ወይ ታዲያ?»

ማህጁብ ባሏ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሱዳን፣ ደማዚን ላይ ጭነት ይሸከማል። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ባሏ ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ለማንኛውም የዓዲላ ሐሳብ አንድ ነው። ቅርጫቱ ከተሸጠ ሰውዬው ሰው አገር የሰው ጆንያ መሸከሙን ትቶ ቤቱ ይገባል፤ እሱ ቀርከሃ ይቆርጣል፣ እሷ ትሠራለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። እኔ ብሆን ቢያንስ ሰዓት እጠይቅ ነበር።

የላክሽልኝን ቅጽ ራሴ ሞልቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። «የሠሪው ታሪክ፣ ከሁለት መስመር ያልበለጠ» ይላል። ሁለት መስመር ለኔ ማስነጠሻም አይሆነኝ፤ ግን ጨምቄ ጨምቄ እንዲህ አልኩ፦ «ዓዲላ ትባላለች። ባለቤቷ ማህጁብ ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ብቻዋን ቅርጫት እየሠራች ትኖራለች።» አቶ ገበየሁ አይቶት አንድ ፊደል አላረመም።

ወንድምሽ አንለይ፣ በእጁ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ አንለይ፤

እንደምን ከርመሃል? ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ነው፤ ይቅርታ። ጽሕፈትህ ጥሩ ነው፣ አኩርቶኛል።

የዓዲላ ቅርጫቶች ኢንተርኔት ገጻችን ላይ በወጡ በሁለት ሳምንት አልቀዋል። የሌሎቹ ሠሪዎች ገና አንድ ሁለት ነው የተነሣው። ለምን ብለን ስናይ፣ ሰው ደጋግሞ የሚከፍተው ቅርጫቱን ሳይሆን ታሪኩን ነው። ተርጓሚያችን «ባለቤቷ ካለፈ» ያልከውን «ባለቤቷ ከሞተ» ብሎ ተርጉሞታል። አልፈርድበትም። እዚህ አለፈ የተባለ ሰው የሞተ ሰው ነው። ቅጹን በደረሰኝ ቀን ለሱ ሰጠሁት፤ ደብዳቤህን አንብቤ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ሳውቅ ገጹ ወጥቶ ነበር።

አሁን ላርመው አልችልም። ያዘዙት ሁሉ ያዘዙት ከመበለት ነው። አንዷ ገዢ ታሪኩን አንብባ እንዳለቀሰች ጽፋለች። አለቃዬ የክፍል ኃላፊነቱ ለኔ እንዲሰጥ አሳስበዋል፤ ከዚህ በፊት ከእኛ ክፍል እንዲህ የተሸጠ ነገር የለም። ስለዚህ አንተም አታንሣው፤ ለእሷም ለጊዜው አትንገራት። ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ የሚሆን አዲስ ትእዛዝ አለ።

እህትህ ስርጉት


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስርጉት፤

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ነገር አለኝና።

«አለፈ» የሚለውን ከየት አመጣኸው ትይኛለሽ። ከዚሁ ነዋ። እኛ ጋ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር አለፈ ይባላል። ማህጁብ አለፈ፣ ጁምዓ አለፈ፣ የጁምዓ ፍየል ሳይቀር አለፈ። ይህ ሁሉ ሞቶ ቢሆን ኩርሙክ ገበያው ቀርቶ መቃብር ብቻ በሆነ ነበር። ተርጓሚያችሁ እዚህ መጥቶ አንድ ቅዳሜ ቢውል ይማር ነበር።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ኋላ ግን ሳቄ መጣ። አቶ ገበየሁ ሃያ ዓመት ጽፎ ዝንብ አልገደለም፤ እኔ ፊደል በቆጠርኩ በወሩ አንድ ሙሉ ወንድ ገደልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ግን ሱቄ በሰው ይሞላ ነበር።

አትንገራት ስላልሽ አልነገርኳትም። ትእዛዙን ብቻ ነገርኳት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወጣች። ወዴት ሄደች ብዬ ብከተላት፣ ጀዕፈር የሚባለው ሾፌር ጭነቱን ሲያሥር ደርሳበት በበርታኛ ታወራዋለች። ጀዕፈር በየሳምንቱ ደማዚን ይመላለሳል። የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ማህጁብ የሚለው።

እንዳትልክበት ላደርግ ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ? «አትጥሪው፣ ሞቷል» ልበላት?

ወንድምሽ አንለይ


አሶሳ፣ የካቲት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

ቶሎ ባለመመለሴ ይቅርታ። ወረቀት አልጠፋም፤ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

አዎ፣ ማህጁብ መጥቷል። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ቤቱ ነው። በጣም ረጅም ሰው ነው፤ በራሱ በር ሲገባ እንደ እንግዳ ያጎነብሳል። ጠዋት ጠዋት ቀርከሃ ቆርጦ ያመጣል፣ እሷ ትሰነጥቃለች። ሲሠሩ ብዙ አይነጋገሩም። አንድ ሁለቴ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ቅርጫቱ ደግሞ በፊት ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ሆኗል።

ገዢዋ ሴትዮ በመጋቢት ዓዲላን ልትጎበኝ ትመጣለች፣ ስለዚህ ነግረሃቸዋል ወይስ አልነገርካቸውም ላልሽኝ፣ ነግሬያቸዋለሁ። እንዴት እንደነገርኳቸው ልጻፍልሽ።

«ማህጁብ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳትቆጣ» አልኩት።

«ሳልሰማ እቆጣለሁ እንዴ?»

«ኢንተርኔት ላይ ሞተሃል።»

ወደ ዓዲላ ዞረ። በቋንቋቸው ተባባሉ። ከዚያ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። የሱ ሳቅ ግን ቀድሞ አለቀ፤ የኔ ብቻውን ቀረ።

«ማን ገደለኝ?»

«ፊደል» አልኩት።

«ንገሪያቸው» አለችኝ ዓዲላ። «እሷ አለች፣ እዚህ ቁጭ ብላለች በላቸው።»

«ብነግራቸው አያዝዙም።»

«ቅርጫት ያው ነው። ባል አለ፣ ባል የለም፣ ቅርጫት ያው ነው።»

እኔ ቀለድኩ። ባል ያለበት ቅርጫት ይከብዳል፣ የአውሮፕላን ኪራይ ያስጨምራል አልኩ። ማንም አልሳቀም። ማህጁብ «ስንት ቀን ነው የምሞተው?» አለኝ።

«አንድ ቀን። እንግዳዋ እስክትሄድ። የዓዲላ ወንድም ነህ እንላለን።»

«አንድ ቀን እችላለሁ» አለ። «ደማዚን ሦስት ዓመት ችያለሁ።»

ስለዚህ አታስቢ። ከዚያ በኋላ እሱ ቤቱ ይቀመጣል፣ እነሱም ያዝዛሉ።

አንለይ


አሶሳ፣ መጋቢት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስርጉት፤

ወንድምሽ አገር አስጎብኝቶ ተመለሰ። አለቃሽ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡት።

የአቶ ገበየሁን ኮት ተውሼ ለበስኩ። እንግዳዋ ከአስተርጓሚያችሁ ጋር በመኪና መጣች፤ ደግ ሴት ናት፣ ሁሉ ነገር ያስገርማታል፣ አቧራውም ሳይቀር። ዓዲላ ስትሠራ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አየቻት። ማህጁብ ቀርከሃ ተሸክሞ ገባ። «ወንድሟ ነው» አልኩ። እንግዳዋ እጁን በሁለት እጇ ይዛ «እህትህን ስለማትተዋት አመሰግንሃለሁ» አለችው። እሱም አንገቱን ደፋ። ድንቅ አድርጎ ሞተልን ብልሽ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ከታሰበው ውጪ መጣ። መቃብሩን ልየው አለች። አበባ ከአዲስ አበባ ድረስ ይዛ መጥታለች፤ ምን ልበላት? የእስላም መቃብሩ ከመስጊዱ ጀርባ ቁልቁል ነው። አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው፣ ስም የተጻፈበት የለም፤ ይሄ በጀኝ። አብዛኛውን ሣር ውጦታል። ከዳር በኩል ግን አንድ ጽድት ያለ አገኘሁ፤ ሣሩ ተነቅሏል፣ ድንጋዩ ዙሪያውን ተደርድሯል። እንግዳ የሚያሳፍር አይደለም። «ይኸውላችሁ» አልኩ።

እንግዳዋ አየችውና በአስተርጓሚው «ትንሽ አይደለም ወይ?» አለች።

«አጭር ሰው ነበር» አልኩ።

እኔ እንዲህ ስል ማህጁብ ከኋላዬ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ። እሷ ግን ተንበርክካ አበባውን አስቀመጠች። ዓዲላ ያን ጊዜ አለቀሰች። ታስመስላለች ብዬ እንጂ እንዲህ ታለቅሳለች አላልኩም፤ መሬት ላይ ወድቃ፣ አፈሩን በሁለት እጇ ጨብጣ። እንግዳዋም አለቀሰች፣ አስተርጓሚውም ዓይኑን ጠረገ። ፎቶ ተነሣ። ዓዲላ እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳላት ባውቅ ኖሮ ቅርጫት ሻጭ አላደርጋትም ነበር።

ሽልማቴን አስቢበት።

አንለይ፣ የአሶሳው ሰዋችሁ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ አንለይ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጉብኝቱ ከጠበቅነው በላይ ተሳክቷል፤ ፎቶዎቹ ገጹ ላይ ወጥተዋል። እኔም ከሚያዝያ አንድ ጀምሮ የክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። ያንተም ድርሻ አለበት።

እንግዳዋ አገሯ ገብታ ጓደኞቿን አስተባብራለች። ስም የሌለው መቃብር አላስተኛትም ብላ ጽፋለች። የእምነበረድ ድንጋይ እንዲተከል ስለፈለጉ እዚህ እያሠራነው ነው፤ የባሏ ስም ቅጹ ላይ ስላለ ሌላ ምንም መላክ አያስፈልግህም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓዲላ ከጉብኝቱ ወዲህ አንድም ቅርጫት አልላከችም። ገዢዎች እየጠበቁ ነው። ምክንያቱን ቶሎ ጻፍልኝ።

ስርጉት


አሶሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ስርጉት፤

ድንጋዩን አስቁሚ። ሌላውን ኋላ አንብቢው፤ መጀመሪያ ተነሥተሽ ድንጋዩን አስቁሚ።

ለምን እንደማትሠራ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ቀርከሃው እንደተቆረጠ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ደርቋል። ዓዲላ ገብታ በሩን ዘጋችብኝ። የነገረኝ ማህጁብ ነው፤ እሱም ውጭ ቆሞ፣ እንድቀመጥ ሳይጋብዘኝ።

ሴት ልጅ ነበረቻቸው። አራት ዓመቷ። እሱ ደማዚን በገባ በስድስተኛው ወር ወባ ወሰዳት። መሞቷን የሰማው ከተቀበረች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ መቃብሯን ያየው ገና ዘንድሮ፣ ጥር ላይ ሲመለስ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀርከሃ ሊቆርጥ ይሄዳል ብዬሽ አልነበር? መጀመሪያ እዚያ ይሄድ ነበር። ሣሩን የነቀለው እሱ ነው። ድንጋዩን ዙሪያውን የደረደረው እሱ ነው። ጽድት ያለ ስለሆነ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አጭር ሰው ነበር ያልኩትም እኔ ነኝ። ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል።

«ለምን ያኔውኑ አላልከኝም?» አልኩት።

«ሞተሃል ብለኸኝ» አለ። «የሞተ ሰው ይናገራል?»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ምን እንዳመለጠኝ አልጽፍልሽም። ቀልድ ነው። ሌላ ነገር ከአፌ መውጣት አልችል ብሎ ነው እንጂ መሳቅ ፈልጌ አልነበረም። ገብቶ እሱም በሩን ዘጋ።

የሚሆነውን ልንገርሽ። ለገዢዋ እውነቱን ጻፊላት፤ ጥፋቱን በኔ አድርጊው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ደንቆሮ ነው ያሳሳተን በያት። እውነት ስላልሆነ ቅር አይለኝም። ካልገዙ ይቅር። ድንጋዩን ግን አስቁሚ።

አንለይ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ አንለይ፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ድንጋዩ በጭነት መኪና ተነሥቶ ነበር። በጣም አዝናለሁ። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው ነገር አይደለም። ለገዢዋ አሁን መጻፍ ግን የዓዲላን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን ሃያ ሠሪዎችም ገበያ ይዘጋል፤ ይህን እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። ቦታውን ከፎቶው ስለሚያውቁት አንተን አያስቸግሩህም። ሲተከል ዓዲላ ከጎኑ ቆማ አንድ ፎቶ ይላክልን፤ የጠየቁት ይህን ብቻ ነው።

ስርጉት


አሶሳ፣ ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ስርጉት፤

ማህጁብ የለም። ባለፈው ሳምንት በጀዕፈር መኪና ሄዷል፤ ወደ ደማዚን። ለዘለቄታው ነው ይላሉ። ዓዲላ አልተከተለችውም። ልጇን ትታ ወዴት ትሄዳለች?

ሰዎቻችሁ እንዳልሽው አላስቸገሩኝም። የጉብኝቱን ፎቶ ይዘው መጥተው፣ ቆፍረው፣ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ ተክለው ሄደዋል። እኔ ሱቄ ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም። በማግስቱ ጠዋት ማህጁብ መጣና ሱቄ በር ላይ ቆመ። «ና» አለኝ። ኮቴን እንኳ አላነሣሁም።

እዚያ ስንደርስ «አንብብልኝ» አለኝ።

ድንጋዩ ነጭ ነው። ፊደሉ የሚያምር ነው፣ ጥልቅ ተደርጎ ተቆፍሯል። አነበብኩለት። «ማህጁብ። የዓዲላ ባል። በሰላም ይረፍ።»

«ሌላስ?»

«ከሥሩ ያለው በውጭ አገር ቋንቋ ነው። ያው ይመስለኛል።»

«የልጄ ስምስ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

የለም አልኩት። አላመነኝም። ያላነበብክልኝ አለ፣ ይሄ ሁሉ ተጽፎ እንዴት የሷ ይጠፋል አለኝ። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ እንደገና አስነበበኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። በሦስተኛው ጣቱን አነሣ።

እንንቀለው አልኩት። መዶሻ አመጣለሁ፣ እኔ ራሴ እነቅለዋለሁ አልኩት።

«እሷ ላይ ሁለቴ አይቆፈርም» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሄደ። ሰፈሩ ውስጥ የገዛ ድንጋዩ ቆሞ እያየ እዚህ እንዴት ይኖራል? እኔም ቅርልኝ ብዬ ልለምነው አልሄድኩም፤ በየትኛው ፊቴ?

ስለ ፎቶው በሁለት ደብዳቤ ጠይቀሽኛል። ከፎቶ ቤት ካሜራ ተውሼ ወርጄ ነበር። ዓዲላ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከወንዝ ጭቃ አምጥታ በፊደሎቹ ሁሉ ውስጥ ሞልታዋለች፤ የኛውንም የነሱንም። በጣቷ እየጠቀጠቀች፣ ቅርጫት እንደምትሠራው አድርጋ፣ አንድ ቀዳዳ ሳትተው። ድንጋዩ ላይ አሁን የሚነበብ ነገር የለም። ፎቶ አላነሣሁም፤ ካሜራውንም መልሻለሁ።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።  «ዓዲላ» አልኳት፣ «የልጅሽን ስም ንገሪኝ። ጭቃው ሳይደርቅ በላዩ ላይ እኔ እጽፈዋለሁ። ደህና አድርጌ እጽፈዋለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ አትጻፍ» አለችኝ።

አንለይ